አራተኛ ፎቅ የወጡ እንግዶች

ይህ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። በር ተንኳኳ፤ ከፈትኩ። እንግዶች ገቡ፤ ውሃ ሰጠኋቸው። አንድ ቀን ደግሞ እነሱ ውሃ ሰጡን። ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለውም። ናይሮቢ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ያልደረሰበት ፎቅ የለም፤ ሁሉም ሰው የራሱ የበር ወሬ አለው፤ አብዛኛውም ያስቃል። የእኔም መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ የተቀመጥኩት ታሪኩ ትልቅ ሆኖ ስለታየኝ አይደለም። ለአንድ ሰው መንገር የነበረብኝን ነገር ሳልነግረው ስለቀረሁ ነው።

እኔና እናቴ የምንኖረው ካሳራኒ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር ነበር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። እናቴ መሃል ከተማ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አሥራ አራት ዓመት ወጥ ሠርታለች። ሁለት ዘንቢል ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ እኔ ባዶ እጄን አልደርስባትም ነበር። ከዚያ ልቧ ደከመ። መጀመሪያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ላይ። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ሐኪም ቤት ወስጃት ተመለስን፤ ከዚያ ቀን በኋላ መሬት አልረገጠችም።

ሐኪሙ የነገረንን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ቀን ስንመለስ መኪናው ውስጥ እጄን ይዛ፣ "ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። "ሰው ሁሉ 'ልትሞት ነው' እያለ እንዲያየኝ አልፈልግም። ደህና ናት በያቸው።" እኔ የታዘዝኩትን የምፈጽም ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤትም፣ ቤትም እንዲህ ነው የምታወቀው። ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ናት አልኩ፤ ሰውም አመነኝ። አብረዋት በየወሩ ጽዋ የሚጠጡት ማኅበርተኞቿ በመጀመሪያው ወር መጡ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ እያለከለኩ፣ "አንቺ ሴት፣ ሰማይ ቤት ነው እንዴ የተከራየሽው!" እያሉ ሳቁ። በሁለተኛው ወር ደወሉ። ከዚያ በኋላ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ይልኩ ነበር። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መልእክቱን ደጋግማ ትሰማዋለች፤ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች።

ያን ጊዜ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቁረብ። ልጅ ሳለች ከቆረበች ወዲህ አልቆረበችም። ከአባቴ ጋር የተጋቡት በቁርባን አልነበረም፤ እሱ ትቷት ከሄደ በኋላም እንደ ብዙ ሰው "ሳረጅ" እያለች ቆየች። አሁን እርጅና እንደማይመጣ አወቀች። ግንቦት ላይ የንስሐ አባቷን አስጠራቻቸው። ሊመጡ ሲሉ ፀጉሯን አሠራችኝ፤ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ተናዘዘች። አባም ቀኖና ሰጧትና፣ "የሐዋርያትን ጾም ጨርሰሽ፣ ጾሙ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ ትቆርቢያለሽ" አሏት። ከዚያ ፊቷን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና፣ "ከጠናብሽ ግን ንገሪኝ፤ እኛ እዚህ ድረስ እንመጣለን" አሉ።

"ኧረ አባ፣ ምን ጠናብኝ! ደረጃው ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። እመጣለሁ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ደህና ናት" አልኩ።

እንግዶቹ መምጣት የጀመሩት ከዚያ በፊት፣ ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ የመጡት ሴቶቹ ናቸው። እዚህ አገር በር ላይ የቆመ ሰው "ሆዲ" ይላል፤ ውስጥ ያለው "ካሪቡ" ካላለው አይገባም። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት፣ ከእሳቸው ጋር አንዲት ዝምተኛ ወጣት፣ መጽሔት የሞላ ቦርሳ። አሮጊቷን እንደ ሰፈሩ ልጆች "ሾሾ" አልኳቸው፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። እኔ በር ላይ የቆመን ሰው መመለስ አልችልም። "ዛሬ አይመቸንም" ልል አፌን ስከፍት "ካሪቡ" ይወጣል። ሾሾ ገቡ፤ መጽሔቱን ከማውጣታቸው በፊት የእናቴን ትራስ አስተካከሉ፤ እግሯ ማበጡን አይተው ከሥሩ ሌላ ትራስ አደረጉ። ከሄዱ በኋላ እናቴ፣ "ይቺ ጴንጤ ሰው አስታማለች" አለች።

"እማዬ፣ ጴንጤ አይደሉም።"

"ታዲያ ምንድን ናቸው?"

አስረዳኋት። ሰምታ ስታበቃ፣ "ያው ጴንጤ ናት" አለች።

ልጆቹ፣ የሌላ ሃይማኖት ሁለት ወጣት ሰባኪዎች፣ የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራቫት፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ ጥቁር የስም ሰሌዳ። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣ በጣም ረጅም ልጅ ነው፤ ስዋሂሊ ሲናገር ፊቱ ይቀላል። ሌላው ከሐይቅ ዳር የመጣ ኬንያዊ ነው፣ አጭርና ሳቂታ። ሁለቱም በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጡም። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ አመስግነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ምን ሆኑ?" አለች እናቴ።

"ሃይማኖታቸው ሻይ ይከለክላል።"

"ሻይ? ሻይ ምን በደለ?" ረጅሙን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ይህን ሁሉ ቁመት በምንድን ነው የሚያሞቀው? በይ፣ ውሃ ስጫቸው። ቤቴ ገብቶ ምንም ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው አልወድም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጆግ ጠረጴዛው ላይ ለነሱ ይቀመጥ ነበር። ረጅሙ አንዱን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ሊሄዱ ሲሉ እናቴ በዓይኗ ታዝዘኛለች፤ እኔም ሁልጊዜ የሚይዛትን ሰማያዊ የውሃ መያዣ ተቀብዬ እሞላለታለሁ። "አሳንቴ ማማ" እያለ በስዋሂሊ ያመሰግናታል፣ ቀልቶ።

እናቴ ማንም እንዲያስተምራት አልፈለገችም። ስዋሂሊው በደንብ ይገባታል፤ እንግሊዝኛ ሲገባበት ግን እኔን ታያለች። ሴቶቹ ስለ ሙታን ሲነግሯት፣ ልጆቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ስለሚይዙት መጽሐፋቸው ሲነግሯት፣ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች፤ በመጨረሻ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው" ትላለች። እነሱ ራሷን ስትነቅንቅ አመነች ብለው ያስባሉ። አንድ ቀን፣ "እማዬ፣ ተስፋ እየሰጠናቸው ነው፤ ይህ ማታለል አይደለም?" አልኳት።

"እኔ ምን አልኩ? ሰው አራት ፎቅ ወጥቶ ሊጠይቀኝ መጣ። በየትኛው መጽሐፍ ይሁን፣ ጉልበቱን እግዚአብሔር ያየዋል።"

ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ ማክሰኞን ለልጆቹ፣ ቅዳሜን ለሴቶቹ አድርጌ ነበር። በጣም ተጠንቅቄ ነው ያደረግኩት። ግን የካቲት ላይ ልጆቹ ማክሰኞ አልተመቻቸውምና ቅዳሜ መጡ። ገና ተቀምጠው ሳለ "ሆዲ!" የሚለው የሾሾ ድምፅ ተሰማ። እኔም፣ ሌላ ምን እላለሁ፣ "ካሪቡ" አልኩ።

ሾሾ ልጆቹን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ በፊት አውልቀውት አያውቁም። ልጆቹ ብድግ ብለው ወንበር ለቀቁላቸው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ሁሉም ስለ ዝናብ ተናገረ። ከዚያ ሾሾ በእንግሊዝኛ፣ "እነዚህ ልጆች ገና ጢም ሳያበቅሉ፣ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ አሸክመው የእናትን ጉልበት ሊያደክሙ ላኳቸው" አሉ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"ሸሚዛቸው ንጹሕ ነው፤ ማን ያጥብላቸዋል? ነው የሚሉት።"

ረጅሙ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ሾሾን እናከብራለን፣ ግን እሳቸው የሚያድሉት መጽሔት ራሱ ማን እንደጻፈው ስም የለበትም፣ ብሎ መለሰ።

"እሱስ?"

"ራሳችን ነን የምናጥበው አለ።"

ሾሾ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፈቱ። አጭሩም ከፈተ። ዝምተኛዋ ወጣት ጥቅስ እንድታነብ ታዘዘች፤ አጭሩ ሌላ ጥቅስ አነበበባት። ጣት ተቀሰረ። እናቴ አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን እያየች ቆየችና፣ "ለሸሚዝ አጠባ ይህን ያህል መጽሐፍ ቅዱስ ይገለጣል?" አለች። ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ሳል ያዛት፣ ሳሉም ለረጅም ጊዜ አልለቀቃት። ሁለቱም ወገን ክርክሩን ትተው፣ አንዱ ትራስ፣ አንዱ ፎጣ ይዞ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ መገናኘታቸው የተለመደ ሆነ። አንዱ ሌላው ሲመጣ ያየ እንደሆነ ሆን ብሎ ይቆይ ነበር። ሾሾ ኩሽና ድረስ ተከትለውኝ፣ "ልጄ፣ እነዚያ ልጆች ልባቸው ደግ ነው፣ ግን ጠፍተዋል" ይሉኛል። ረጅሙ በር ላይ ጫማውን እያሰረ፣ "ሾሾ መልካም ናቸው፤ ግን እናትሽን ያስፈሯታል ብዬ እሰጋለሁ" ይለኛል። ለሁለቱም "እውነትዎን ነው" "እውነትህን ነው" እል ነበር።

የሐዋርያት ጾም ሲገባ ክርክሩ ወደ ጾም ዞረ። ሾሾ ለእናቴ ወተት አምጥተው ነበር፤ ጾም ነው አልኳቸው። የታመመች ሴት ለምን ትጾማለች ብለው ተቆጡ። ልጆቹ እኛም እንጾማለን፣ ግን በወር አንድ ቀን ነው፣ አሉ። ጾም ያድናል፣ ጾም አያድንም፣ ክርስቶስ ያለው እንዲህ ነው፣ የለም እንዲያ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። እናቴ ለጨዋነት ብላ ቀና ብላ ተቀምጣ ስትሰማቸው ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ሲሄዱ፣ "ሁለተኛ የጾም ነገር እዚህ ቤት አታንሺባቸው፤ ትንፋሽ የለኝም" አለችኝ። አላነሣሁም። ይህንንም በትክክል ፈጸምኩ።

ጾሙ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ደረጃው አስጨነቀኝ። ማኅበርተኞቿ ጋ ልደውል ስል፣ "ምን ልትያቸው? ተሸክማችሁ አውርዷት ልትይ? ተይ!" አለች። ማክሰኞ ልጆቹ መጡና ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ረጅሙ፣ "እኛ እናወርዳታለን፤ በወንበር" አለ። ቅዳሜ ደግሞ ሾሾ፣ "መኪና አለኝ፤ እኔ አደርሳታለሁ" አሉ። "የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን አልገባም። እኔ የታመመ ሰው ነው የማደርሰው፣ ወደ ሌላ ነገር አይደለም።" ለሁለቱም እሺ አልኩ። አንዱ ስለ ሌላው እንዲያውቅ አላደረግኩም፤ ከመካከላቸው አንዱ ቅር ብሎት እንዳይቀር ፈራሁ። ስለ መድኃኒቷ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጠባቡ የሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ፣ የትኛው ጎኗ እንደሚያማት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለመቁረብ ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውሃ እንኳ በአፏ እንደማይገባ ብቻ አልነገርኳቸውም።

እሑድ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለቱም በሩ ላይ ተገናኙ። ሾሾ የመኪና ቁልፍ፣ ልጆቹ ገመድ ይዘዋል። ተያዩ። "እናንተም?" አሉ ሾሾ። "እርስዎም?" አለ አጭሩ። እናቴ ሶፋው ላይ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ነበር፤ ሁሉንም አንድ ላይ ስታይ፣ "ዛሬም ሸሚዝ ሊያጥቡ ነው?" አለችኝ።

በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥናት፤ ወገቧን በሻሽ አሰርንላት። ረጅሙ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት ያዙ። ሾሾ ከጎን ሆነው "ፖሌ፣ ፖሌ፣ ቀስ!" እያሉ ያዝዛሉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን እንደረሳች አወቀች። "ያለ ነጠላ አልገባም" አለች። ወደ ላይ ሮጥኩ። በሩ አልከፈት አለኝ፤ ነጠላው ደግሞ ካስቀመጥኩበት ቦታ አልነበረም። ፈልጌ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆመው ነበር። ወንበሩ መሬት ላይ ነው። የእናቴ ራስ ወደ ኋላ ወድቋል። ሾሾ፣ "ማጂ! ውሃ! ስጣት፣ ቶሎ በል!" እያሉ ይጮሃሉ፤ ረጅሙ ተንበርክኮ ሰማያዊዋን የውሃ መያዣ አፏ ላይ ይዟል። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ተው!" አልኩ፤ በአማርኛ ነበር። ማንም አልገባውም።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ እርጥብ ነው። ልጁን አየችው። ጉንጩን በእጇ ነካ አደረገችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። የመያዣዋ ውሃ መጉደሉን አየሁ። መሐረቧ ሲርስም አየሁ፤ ላብ መሰለኝ። እንደገና አንሥተው አወረዷት።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሾሾ መኪናው ውስጥ ቀሩ። ልጆቹ እናቴን ሴቶች መቆሚያ ድረስ አድርሰው ወደ በሩ ተመለሱ፤ የራሳቸውን ጸሎት አሳልፈው ሊጠብቁን ነው። ቅዳሴው እየገፋ ሄደ። እናቴ በወንበሯ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከቆራቢዎቹ አሮጊቶች መካከል ተቀምጣለች። እንደዚያ ያለ ፊት ኖሯት አያውቅም። እኔ ግን የማስበው ስለ ውሃው ነበር። ባልናገር በእሷ ላይ ኃጢአት አመጣባታለሁ ብዬ አሰብኩ። ትክክለኛውን ነገር ማድረግ ፈለግኩ። እሷን መጠየቅ አልመጣልኝም፤ በቅዳሴ መካከል መናገር ነውር ነው ብዬ ነው ወይስ ከጠየቅኳት ዝም በይ ትለኛለች ብዬ፣ አሁን አላስታውስም። ሄድኩና አባን ከበሩ አጠገብ አገኘኋቸው።

"አባ፣ እናቴ ደረጃው ላይ ተዝለፍልፋ ውሃ አጠጧት።"

ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ዋጠችው?"

"አዎ።" ጉሮሮዋን አላየሁም ነበር። ያየሁት የጎደለውን ውሃ ነው።

"ሕመሙ እንዴት ነው? ዕውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ለዚያ መንገድ አለው፤ ውሃው አይከለክላትም።"

እናቴ ከሩቅ ታየን ነበር። ከአባ ጋር መቆሜን ስታይ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች፤ ልክ ግንቦት ላይ ሶፋው ላይ እንዳደረገችው። እጄን የያዘችበት ቀን ትዝ አለኝ።

"ደህና ናት አባ። ዛሬ በተለይ ደህና ናት።"

"እንግዲያው ምን ያስቸኩላል፤ ለሳምንት ይሁን። ሳምንት እሑድ ትቆርባለች።"

ሄጄ በጆሮዋ ነገርኳት። ቆራቢዎቹን አየች፤ ተነሥተው መሄድ ጀምረው ነበር። "ይሁን" አለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችው።

ስንመለስ እሷ ከሾሾ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ከኋላ። ወደ ቤት በሚወስደው ቲካ ሮድ ላይ ስንወጣ በአማርኛ፣ "ስለ ውሃው ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"አልዋጥኩትም እኮ።"

ከኋላ ወንበር ወደ እሷ ተጠጋሁ።

"አፌ ውስጥ ይዤው ነው የቆየሁት። ልጁ መደናገጡን አየሁ፤ ፊቱ ላይ ልትፋበት? ዞር ብዬ በመሐረቤ ተፋሁት።" መሐረቡን ወደ ኋላ አቀበለችኝ። እንደረጠበ ነበር። "ምነው ብትጠይቂኝ?"

ረጅሙ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ "ምን ትላለች? ደስ ብሏታል?" አለ።

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

"ደስ ብሎሻል ወይ ነው የሚለው።"

"ደስ ብሎኛል በይው።" ከዚያ ለእኔ፣ "ሳምንት ሩቅ አይደለም" አለች። ማጽናናቷ ነበር።

ነገርኩት። ፈገግ አለ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮም ዓይኑን ጠረገ።

ሐሙስ ጧት ሻይ ይዤ ስገባ አልነቃችም።

አባ እንደሰሙ አራቱን ፎቅ ወጥተው መጡ። በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው፣ "ደህና ናት ብለሽኝ ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማኅበርተኞቿ ሁሉ መጡ። ደረጃው ሞላ። አንዷ ደረቷን እየመታች፣ "ሰማይ ቤት ነው የተከራየሽው ብዬሽ፣ ምላሴን!" እያለች አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹም ልጆቹም ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ ከለቀስተኞቹ መካከል አራርቄ አስቀመጥኳቸው። አላገዘም። አጭሩ ቀርቦኝ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ በእኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ያመለጠው ነገር አሁንም ሊደረግለት ይችላል፤ ሰው በእሱ ፋንታ ቆሞ ይቀበልለታል፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ አለኝ። ሾሾ ሰምተው ኖሮ፣ "አታታልላት! ተኝታለች፤ ምንም አታውቅም፤ ምንም አያማትም፤ ይህ ነው የሚያጽናናው" አሉ። ረጅሙ፣ "ሾሾ፣ እባክዎ፣ ዛሬ አይደለም" አለ። "ዛሬ ካልሆነ መቼ ነው?" አሉ። ሁለቱም ሊያጽናኑኝ ነበር የሚከራከሩት። እኔ የምፈልገው አንድ እሑድ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንኛቸውም ቦርሳቸው ውስጥ አልያዙትም።

ስለ ውሃው ለረጅሙ ልነግረው አሰብኩ። ሰማያዊዋ የውሃ መያዣ ያኔም ጉልበቱ ላይ ነበረች። ለመናገር አፌን ስከፍት እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ታየኝ። ተነሥቼ ለለቀስተኞቹ ሻይ ቀዳሁ።

ከአርባዋ በኋላ ቅዳሜ ቀን ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። የእናቴን ልብስ ለሰው ለመስጠት እያጣጠፍኩ ነው። ጆጉ ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም፤ ውሃው የመቼ እንደሆነ አላውቅም። በሩ ተንኳኳ።

"ሆዲ!" ሾሾ ናቸው።

አልመለስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ኮቴ መጣ፤ የረጅሙን አረማመድ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሁለት ደረጃ ነው የሚዘለው።

"የለችም?" አለ።

"ጫማዋ እዚህ ነው። አንተ ማክሰኞ አይደለህም እንዴ?"

"ነገ ወደ ሌላ ከተማ ያዛውሩኛል። ልሰናበታት ነው የመጣሁት። ከሄድኩ ወዲያ አላገኛትም።"

እንደገና አንኳኳ፤ በቀስታ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ መቀርቀሪያውን እነካዋለሁ። "ካሪቡ" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ከገባ ግን ልነግረው ነው። ከነገርኩት ደግሞ እናቴ አፏ ውስጥ ይዛ የሸሸገችለትን እኔ ፊቱ ላይ ልተፋው ነው።

"ሾሾ" አለ፣ "ያን ቀን በጣም ፈጥነን አወረድናት ይሆን? ያስቀየምነው ነገር ይኖር ይሆን? ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቀና ብላ አታየኝም።"

"ምን አስቀየምክ? ተጠማች፤ ውሃ ሰጠሃት። ያደረስናት የተሳሳተ ቦታ ነው እንጂ፣ ማድረሳችን ትክክል ነው።"

"የተሳሳተ ቦታ ነው አይበሉ።"

"ነው እንጂ። አንተም ብትሆን የምትወስዳት የተሳሳተ ቦታ ነበር።"

"እርስዎስ?"

እየተከራከሩ ወረዱ። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ድምፃቸው ቆመ። ከዚያ ኮቴያቸው ቀጠለ፤ የታችኛው የብረት በር ሲዘጋ ተሰማኝ። በሬን ስከፍት ሰማያዊዋ የውሃ መያዣ ጫማዬ አጠገብ ቆማ ነበር፣ ታጥባ፣ ባዶዋን። ከዚያ በኋላ ማንም አላንኳኳም።

ያ ቀን ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24 ነበር።